የዘንድሮ ጫጩት

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን በጅማ መንገድ ላይ ጎረምሳ ሆኖ ሚኒባስ መሳፈር አበሳ ነበር። ኬላ ላይ ወታደር ያስቆምና «ወጣት ወንድ ሁሉ ይውረድ» ይላል። የወረደ ቶሎ አይመለስም።

ፀዲን ያስጨነቃት ግን በጨርቅ ከረጢት የያዘቻት ወፍ ናት። ተፍኪ ሸምበቆ ውስጥ በመረብ ያጠመደቻት ትንሽ ዘማሪ ወፍ። አማካሪ መምህሯ ፎቶዋን አይተው «አሮጊት ናት» ብለዋል፤ ፀዲ ደግሞ «የዘንድሮ ጫጩት ናት» ብላ ድርቅ ብላለች። ወፏን በሕይወት ካላሳየቻቸው መመረቋ ቀረ።

አጠገቧ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሲሳፈሩ ሰዉ ብድግ ብድግ ብሎ ነው ቦታ የለቀቀላቸው። ያለቀ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል፤ ከሥር አዲስ ሸራ ጫማ ተጫምተዋል። ደግ ልጅ ወልደዋል ስትል አሰበች። ጉንፋን ሳይዛቸው አይቀርም፣ አይናገሩም፤ የገብስ ቆሎ ግን ይቆረጥማሉ።

ሰበታ ሳይደርሱ ያለው ኬላ ላይ ወታደሩ ሁለት ጎረምሶች አወረደ። ቀጥሎ ከረጢቱ ሲንቀሳቀስ አየ።

«ምንድን ነው?»

«ወፍ ናት። ዕድሜዋን እያጠናሁ ነው።»

«መታወቂያ አላት?»

«መታወቂያዋ ክንፏ ነው» አለች ፀዲ፣ ሙያዋ ሲነሳ ፍርሃቷን ረስታ። «አዋቂ ወፍ ላባዋን ጠቅላላ ትቀይራለች። ልጅ ከሆነች ግን ገሚሱን ብቻ ነው። አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን ከታየ ልጅ ናት። እኔ በአንድ እይታ እለያለሁ።»

«እስቲ ክፈቺው።»

የከረጢቱን አፍ ጨብጣ ያዘች። ከተከፈተ ወፏ በመስኮት ውልቅ ትላለች።

ይኼኔ ሽማግሌው በጋቢ የተጠቀለለ እጃቸውን ዘርግተው የወታደሩ ራስ ላይ ጫኑና በኦሮምኛ ይመርቁት ጀመር። የሽማግሌ ምርቃት አይቋረጥም። ወታደሩ ኮፍያውን አውልቆ አጎነበሰ፤ ተሳፋሪው «አሜን፣ አሜን» አለ። ሲያበቃ ከረጢት መፈተሹ ነውር ሆነበትና «ሂዱ» አለ።

ፀዲ እንባዋ መጣ። ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። «ዕድሜ ይስጥልኝ አባቴ» አለቻቸው።

ዓለም ገና ላይ ክንዳቸውን ደግፋ ቀስ አድርጋ አወረደቻቸው። አንዲት ሴት ከሱቋ ብቅ ብላ ሽማግሌውን ተቆጣች።

«ያደታ፣ የአያትህን ጋቢ አምጣና ሩጥ፤ የክፍል ፈተናው ሊያመልጥህ ነው።»