ከገጽ 33 እስከ 48

«እሷም...» ይልና ያልቃል።

ከዚያ በኋላ ነጭ ጠርዝ ብቻ ነው።

አጣፊዋ ወረቀቱን ሦስቴ አጠፈችው... በለስላሳ እንጨት ጫፉን ዳመጠችው... ወደ ጎን አስቀመጠችው። ሌላ ወረቀት ሳበች።

እሱም ያው ነው። «እሷም...»

ሃያ ቀን ሙሉ!

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ አለ። አንድ የቆየ መጽሐፍ እንደገና እየታተመ ነው። መጽሐፉ በስድስት ትልልቅ ወረቀት ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ወረቀት ብቻ ስታጥፍ ትውላለች።

የሷ ሦስተኛው ጠረጴዛ ነው። ከገጽ 33 እስከ 48።

መጀመሪያ እጇ ብቻ ነበር የሚሠራው። ከዚያ ዓይኗ አንድ መስመር ሰረቀ... በነጋታው ሌላ... እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስድስቱም ገጽ ልቧ ውስጥ ገባ።

አንዲት ሴት ናት። ቤት የላትም፣ በር ብቻ ነው ያላት። በሩን በጀርባዋ ተሸክማ፣ ልክ የሚሆነውን ቤት ፍለጋ ትዞራለች። ገጽ 41 ላይ ሐይቅ ዳር ትደርሳለች... በሩን ውሃው ላይ ታስተኛውና እላዩ ላይ ተጋድማ ትሻገራለች... ውሃው ውስጥ ያሉት ከዋክብት በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቀው ያዩዋታል።

ገጽ 48 ላይ፣ በሩን እንደተሸከመች... ከኋላዋ አንድ ሰው ያንኳኳል።

«እሷም...»

አለቀ!

አንዳንዴ እጇ እያጠፈ እሷ ሐይቁ ላይ ናት። የማሽኑ ድምፅ እየራቀ... እየራቀ... የውሃ ድምፅ ይሆናል።

«ኧረ አንቺ! የት ሄድሽ? ተመለሽ!» ይሏታል ሴቶቹ እየሳቁ።

አንድ ቀን አራተኛዋን አጣፊ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«ያንቺ ወረቀት መጀመሪያው ላይ... ምን ይላል?»

«የምን መጀመሪያ?» አለች ያቺ፣ ስልኳን አስደግፋ ድራማ እያየች። «እኔ እንኳን ላነበው፣ መጽሐፍ መሆኑንም ረስቼዋለሁ!»

ተነስታ እንዳታይ ደግሞ ጋሽ ሙጫ አሉ። ሽማግሌው ጠራዥ ናቸው፤ ጣታቸው ላይ ሙጫ ስለማይጠፋ ነው ስሙ የወጣላቸው። ወረቀት ከወረቀት እንዳይደባለቅ ማንም ከጠረጴዛዋ ንቅንቅ አትልም።

«የሰው ገጽ አትንኩ!» ነው ቀኑን ሙሉ።

እሳቸውንም ደፍራ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ... ሲንኳኳ ሴትዮዋ ምን አደረገች?»

በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «ሥራሽን ሥሪ!»

ከዚያ ወሬው መጣ... ይህ መጽሐፍ የመጨረሻው ነው። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው፣ መጽሐፍ የሚገዛ ጠፍቷል። ከዚህ በኋላ ማተሚያ ቤቱ የመድኃኒት ካርቶን ብቻ ነው የሚያትመው።

እሷ የደነገጠችው ለሥራዋ አልነበረም። ካርቶንም ይታጠፋል። የፈራችው ያቺ ሴት በሩን እንደተሸከመች እዚያው እንዳትቀርባት ነው።

እሷ ራሷ ከስምንተኛ ክፍል የወጣችው ዓመቱ ሳያልቅ ነበር። መሀል ላይ መቅረትን ታውቀዋለች።

እሑድ ቀን ለታናሽ ወንድሟ አጫወተችው።

«ይኼ ነው እንዴ ያስጨነቀሽ? ቆይ...» ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። «ይኸው! ‹አንዲት ሴት በር ተሸክማ ቤት ትፈልጋለች፤ በመጨረሻም ታገኛለች።› በቃ! ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም!»

«ሲንኳኳስ... ምን አለች?»

«እሱን አልጻፉትም።»

«ማነው ያንኳኳው?»

«ኧረ እህቴ! አገኘች አልኩሽ እኮ!»

ከሠርግ ቀርታ «ደስ ይል ነበር» የተባለች ያህል ነው የተሰማት።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። መጽሐፎቹ ታሽገው ተጫኑ። ሴቶቹ ሽርጣቸውን ፈተው ሲወጡ ጋሽ ሙጫ ጠሯት።

«አንቺ! ነይ እስቲ ወዲህ!»

ምን አጠፋሁ እያለች ቀረበች።

በመጠቅለያ ወረቀት የተሸፈነ ነገር እጇ ላይ አኖሩላት። ፈታችው...

መጽሐፍ!

ልባሱ ተራ ካርቶን ነው። ውስጡ አንዱ ገጽ ቀለም ፈሶበታል፣ አንዱ ተጣሞ ታጥፏል፣ አንዱ ጥጉ ተቀዷል።

«ደህናውን ልሰጥሽ አልችልም። ይኼ ግን ከየጠረጴዛው ተበላሽቶ የሚጣለው ነው። ከጠየቅሽኝ ቀን ጀምሮ ስለቅምልሽ ነበር።»

ገለጠች... 30... 31... 32...

49።

«ጋሼ... የኔ የለም።»

ጋሽ ሙጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ካንቺ ጠረጴዛ የሚበላሽ ብጠብቅ... ብጠብቅ... አንዲት እንኳ አልወጣም! ምን ላድርግ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት።

«ደግሞስ ያንቺን አንቺ ታውቂው የለ?»

በነጋታው ከሰዓት፣ መስኮቱ ሥር፣ ቤቷ ትንሿን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጀመረች። ከገጽ 1 እስከ 32 አነበበችላት።

ከዚያ ጣቷን መሀሉ ላይ አድርጋ መጽሐፉን ዘጋችው... ዓይኗንም ጨፈነች።

«እማ፣ ለምን ጨፈንሽ?»

«እዚህ ጋ መጽሐፉ እኔ ነኝ።»

በሩን... ሐይቁን... በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቁትን ከዋክብት... አንዲት ቃል ሳትጥል ነገረቻት። መንኳኳቱ ደረሰ።

«እሷም...»

ዓይኗን ገለጠች። ገጽ 49። የመጀመሪያው ቃል፦

«...ከፈተችው።»

«እማዬ! ማነው? ማነው ያንኳኳው?»

ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም... ከነገርኳችሁማ ያው የወንድሟ ስልክ ሆንኩ ማለት ነው!

ወዳጆቼ... ኢንተርኔቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ይህንንም የምታነቡት እዚያው ላይ ነው። ግን መጨረሻውን መስማት አንድ ነገር ነው... በሩን ተሸክሞ እዚያ ድረስ መሄድ ሌላ ነው። የሰማነው ሌላ ወሬ ሲመጣ ይረሳል። ገጽ በገጽ የሄድንበት ግን መጽሐፉ ባይኖርም እኛ ውስጥ ይቀመጣል።

እስቲ በእውነት ንገሩኝ...

መሀል ላይ ትታችሁት፣ «እሷም...» እንዳለ እስካሁን የሚጠብቃችሁ መጽሐፍ የትኛው ነው? መቼ ነው የምትመለሱለት? 👇