ያልተጠራው ስም

በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የከተማዋ የድሮ ባንዶችና ይዘፍኑባቸው የነበሩ ቡና ቤቶች ታሪክ ሲዘከር፣ ንግግር እንድታደርግ የተጋበዘችው አሮጊቷ ዘፋኝ ነበረች። ከፊት ረድፍ ጋሽ ሸዋታጠቅ በልጅ ልጆቻቸው ተከበው ተቀምጠዋል።

ልጅ እያለች የምትዘፍንበትን ባንድ ይመሩ የነበሩት ሳክስፎን ነፊ እሳቸው ነበሩ። ከእኔ ጋር ካላደርሽ ሲሏት እምቢ ብትል፣ የሳንባ በሽተኛ ናት ብለው አስወሩባት። ቡና ቤቶቹ የጠጣችበትን ብርጭቆ ይሰብሩት ጀመር። የሚያዘፍናት አጥታ ከተማዋን ጥላ ሄደች።

ሰውየው ስማቸው ሲጠራ መስማት ነፍሳቸው መሆኑን ታውቃለች፤ ቂሟንም በዚያው ልትወጣ ቆርጣ ነው የመጣችው። ከበሮ መቺውን፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹን፣ ወንበር ይደረድር የነበረውን ዘበኛ ሳይቀር በስም እያነሳች አመሰገነች። ሳክስፎን የሚባል ነገር ግን በከተማዋ ተነፍቶ የማያውቅ አስመሰለችው። ጋሽ ሸዋታጠቅ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ አይታ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ሽማግሌው በከዘራ እየተደገፉ መጥተው እጇን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በልጅ ልጆቼ ፊት ጉዴን ትዘረግፊዋለሽ ብዬ ስንቀጠቀጥ ነበር። ማርሽኝ።»

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ወደ መድረኩ ተመልሳ ማይኩን አነሳች።

«ይቅርታ፣ አንዴ ተቀመጡልኝ» አለች። «አንድ ሰው ረስቻለሁ።»