እንግዳ ባለበት ማዕድ

«ማድላይና፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...» ይላል አባቷ ሪሽ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ በተራራማው መንደራቸው ቋንቋ፣ በሮማንሽ።

ማድላይና ወደ ባሏ ታያለች። ኡርስ ዳቦውን እየቆረሰ ፈገግ ይላል፤ አንዲት ቃል አልገባችውም።

«አባዬ፣ በጀርመንኛ» ትላለች በቀስታ።

ሽማግሌው ማንኪያውን መልሶ ያነሣል። «ሁሉ ደህና ነው» ይላል በመጨረሻ፣ በጀርመንኛ፣ ወደ ገብስ ሾርባው አቀርቅሮ።

«አባባ ዛሬም ቃሉን በማንኪያ እየሰፈሩ ነው!» ኡርስ በፍቅር ይስቃል።

የመንደሩ ወግ ነው፤ ከማዕዱ አንድ ጀርመንኛ ተናጋሪ ካለ ሁሉም ወደሱ ቋንቋ ይዞራል፤ ጸሎቱም ጭምር። እንግዳ ማክበር ነው። ኡርስን ከዙሪክ ያመጣችው በሙሽርነቷ ነው። ልጃቸው ዛሬ ወታደር ሆኗል፤ ኡርስ ግን በዚህ ማዕድ እንግድነቱ አላለቀም።

አባቷ ላሚቱን ሊያልብ ይወርዳል። ባርኔጣውን ረስቷል። ይዛለት ከቤቱ ሥር ወዳለው በረት ስትወርድ፣ ደረጃው ላይ ቀጥ ትላለች። ሳቅ ነው። የአባቷ ሳቅ፤ ከልጅነቷ ወዲህ ያልሰማችው።

«ብሪናዬ፣ ሐሙስ መኪናው ይመጣል» ይላታል ላሟን፣ በሮማንሽ። «አንቺ ወደ ሰው በረት፣ እኔ ወደ ሽማግሌ መጦሪያ። ያንቺ ይሻላል እቴ! አንቺን ለወተትሽ ይፈልጉሻል፤ እኔን ምኔን ሊያልቡ ነው?»

ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል። «ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ለልጅቱ ልነግራት ነበር። በጀርመንኛ ብናገረው ግን ለሐኪም እንጂ ለልጄ የነገርኩ አይመስለኝም። ይሁን። እግዜር እንደሁ በሁሉም ይሰማል።»

ባርኔጣው እጇ ውስጥ ተጨማዷል። አንድ ደረጃ ትወርዳለች፤ እንጨቱ ሲጥ ይላል።

«ማነው?» ይላል፣ ወደ እሷ እያየ፣ ሳያያት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ከአፏ የወጣው ጀርመንኛ ነው። ምላሷ ቀድሟታል።

አባቷ ከላሟ እጁን ያነሣል። ለእንግዳ «ኖር» እንደሚባለው ብድግ ብሎ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል። ከዚያ የተቀመጠባትን በርጩማ በእጅጌው ይወለውልና፣ ድምፅዋ ወደመጣበት ገፋ አድርጎ ያቀርብላታል።