መልከ ጥፉዋ ጎረቤት

ሠዓሊው ስልኩን ለሚስቱ አቀበላትና ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሰዉ የጻፈውን አስተያየት እስቲ አንብቢው» አላት፤ ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ለአንድ የካርቱን ፊልም መልከ ጥፉ ጎረቤት እንዲሥል ታዝዞ ሥሏት ነበር፤ ተመልካቹ ግን የፊልሙን ቆንጆ ልዕልት ትቶ እሷን ወዷት አረፈ። «ከሁሉም የምታምረው እሷ ናት» ይላል አንዱ። «ሳቋ አንጀት ይበላል» ይላል ሌላው።

ሚስቱ ቪዲዮውን ከፈተችው። ጎረቤቲቱ ግንባሯ ሰፊ፣ ቅንድቦቿ የተጋጠሙ ነበሩ። ስትስቅ ትከሻዋን ሰቀለችና አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ሸፈነች። ሚስቱ ደግማ አየችው። እንዲህ አድርጎ የሚስቅ ሰው ከራሷ ሌላ አታውቅም።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለችው።

«ሰዉ እኮ ሞቶልሻል» አላት እየሳቀ። «ቆንጆ ናት እያለ ነው ሁሉም።»

«አየሁት።» ስልኩን ቀስ አድርጋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «አስቀያሚ ሴት ሣል ሲሉህ ግን አንተን ትዝ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እጇን ሊይዛት ሞከረ።

«ኧረ አስቤም አይደል» አላት። «እጄ ነው ዝም ብሎ የሣላት።»

እውነቱን ነበር። እስከዚያ ድረስ አምቃ የያዘችው ዕንባ የመጣባትም እንዳልዋሻት ስለገባት ነው።