ነሐሱ እስኪሞላ

ሽዋን የነሐስ ማቅለጫውን በጉጠት አንሥቶ ሲመጣ አማቹን ጌንግን ቀና ብሎ አያየውም። እህቱ ሚን በወሊድ ከሞተች ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እሷ ስታጣጥር ባሏ ጌንግ እዚሁ ማቅለጫ ቤት ነሐስ ያፈስ ነበር፤ ሽዋን ይህን አልረሳለትም።

ዛሬ ግን መራቅ አይቻልም። የሚያሠራቸው ጌታ ለሟች እናቱ መሥዋዕት የሚያቀርብበት ባለ ሦስት እግር ድስት ትልቅ ነው፤ የአንድ ሰው ማቅለጫ አይሞላውም። ነሐሱ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽ እግሮቹ ወደ ላይ ሆነው፣ ተገልብጦ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ሁለቱ ሰዎች በሁለት እግሮች ቀዳዳ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አለባቸው፤ የሦስተኛው እግር ቀዳዳ የአየር መውጫ ነው።

«ኩርፊያችሁን ነሐሱ አያውቅላችሁም» ይላል የሥራው አለቃ፣ ሽማግሌው ኬ። «አንዳችሁ ካቋረጣችሁ መሐሉ ይቀዘቅዝና ይሰነጠቃል። ጌታችን ደግሞ የተሰነጠቀ ድስት አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። በሉ!»

ማፍሰስ ይጀምራሉ። ነሐሱ እያንጎራጎረ ይወርዳል። ከሽዋን በኩል ጠብታ ትፈናጠርና እጅጌው ላይ ታርፋለች። ጨርቁ ይጨስና ይቀጣጠላል።

«ክንድህ!» ይላል ጌንግ።

«አይቻለሁ!»

«ልምጣልህ?»

«አብደሃል እንዴ? አፍስስ!»

ጌንግ ያፈሳል። እሳቱ የሽዋንን ክንድ ሲልሰው እያየ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሽዋን ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል፤ ጉጠቱ ግን አይናወጥም። በመጨረሻ ከሦስተኛው እግር ቀዳዳ ነሐሱ ብቅ ይላል።

«ሞላ!» ይጮኻል ኬ።

ጌንግ ጉጠቱን ጥሎ ይሮጣል። ቅርጹን ለመለሰን ከተቦካው እርጥብ ጭቃ በሁለት እጁ ዝቆ የሚነደው እጅጌ ላይ ይመርገዋል። እሳቱ ይጠፋል። ሁለቱም መሬት ላይ ዘፍ ይላሉ።

«ሚን የሞተች ዕለትም…» ይላል ሽዋን ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «እንዲህ ጀምረህ ነበር?»

«ማፍሰሱን አጋምሼው ሳለ ነው የጠሩኝ። እንደሞላ ሮጥኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ያለቅሳሉ።»

ነሐሱ ከሸክላው ውስጥ እየቀዘቀዘ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጌንግ ሌላ እፍኝ ጭቃ ሲዘግን፣ ሽዋን የተቃጠለ ክንዱን ዘርግቶ በአማቹ ጉልበት ላይ ያስቀምጥለታል።