ከመስመሩ በታች

ታላቂቱ ቴርሞሜትሩን አውጥታ ትጠርግና መልሳ ብርጭቆው ውስጥ ትከተዋለች። ብርጭቆው ዙሪያውን በበረዶ ተከቧል፤ ውስጡ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ አለ። ጨው የገባበት ውሃ በረዶ የሚሆነው ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶ ነው፤ ምን ያህል እንደሚወርድም በሒሳብ ይታወቃል። የእሷ ግን ሒሳቡ የሚለውን ያህል አልወርድ ብሏል። ደጋግማ ለካችው፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

አጠገቧ ታናሽ እህቷ እያንጎራጎረች በገበታ ጨው ትሠራለች። የእሷ ነጥቦች፣ ውሃው ከዜሮ የወረደበትን መጠን በሚያሳየው ግራፍ ላይ፣ ከተሰመረው የሒሳብ መስመር ላይ ሄደው ቁጭ ይላሉ።

"እትዬ፣ ያንቺስ እንዴት ነው?"

"ምንም አይል" ትልና ግራፏን በክንዷ ትከልለዋለች። የእሷ ነጥቦች በሙሉ ከመስመሩ በታች ናቸው።

ቤተ ሙከራው የሚያስቀረው አንድ ረዳት ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ዛሬ ሁለቱን ግራፎች አይተው ይወስናሉ። ታናሿን ፊደል ያስቆጠረቻት፣ አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣት መሆኑን ያስረዳቻት ታላቂቱ ናት። እናታቸው ግን "የትንሿ እጅ ቀና ነው" ነው የምትለው፤ ስለ ታላቂቱ ስትጠየቅ "እሷማ ታታሪ ናት" ትላለች። ታታሪ የሚባለው ሌላ ምስጋና ሲጠፋ ነው። ቀንታለች፤ በገዛ እህቷ ቀንታለች።

ታናሿ በረዶ ልታመጣ ስትወጣ ላጲስ ታነሳለች። አንዱን ነጥብ ታጠፋና ከፍ አድርጋ መስመሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንዱ ብቻ ቢቃና ያስነቃል ብላ የቀሩትንም ታነሳቸዋለች።

ፕሮፌሰሩና ታናሿ ተከታትለው ይገባሉ። ፕሮፌሰሩ የገበታ ጨውን ግራፍ አይተው "ጥሩ ነው" ይላሉ። የታላቂቱ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

ማግኒዚየሙን ለእሷ የሰጧት ሆን ብለው እንደሆነ ይነግሯታል። የገበታ ጨው አዮኖች ቻርጃቸው አንድ አንድ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ተለያይተው ይኖራሉ። የማግኒዚየሙ ሁለት ሁለት ነው፤ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ከፊሎቹ ጥንድ ሆነው ይቀራሉ፣ ውሃውም በረዶ ለመሆን የታሰበውን ያህል አይወርድም። እሳቸው የፈለጉት ይህን ጉድለት ለክቶ የሚያሳያቸው ሰው ነበር።

"እውነት እንዲህ መስመሩ ላይ መጣልሽ?"

እውነቱን ብትናገር ትክክለኛው መልስ የእሷ ነበር፤ የሰረዘችውም እሷው ናት። ታናሿ የበረዶ ባልዲ ይዛ ቆማ ታያታለች። በእሷ ፊት ይህን መናገር አትችልም።

"አዎ፣ ፕሮፌሰር።"

"እንግዲያው አለካክሽ ላይ ስህተት አለ" ይላሉ፤ ሲናገሩ ቅር ብሏቸዋል። ከዚያ ወደ ታናሿ ዞረው ከሰኞ ጀምሮ ሥራ እንድትገባ ይነግሯትና ወረቀቷን ሊፈርሙ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ይላሉ።

ታናሿ አትፈነድቅም። ባልዲውን ታስቀምጥና ወደ እህቷ ትጠጋለች። የታላቂቱ ነጭ ጋውን ደረቱ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ አለበት። ፕሮፌሰሩ ቀና ከማለታቸው በፊት፣ በረዶ ባቀዘቀዘው እጇ ቀስ አድርጋ ታራግፍላታለች።