እዚሁ ከጀርባችሁ

ኦጋዴን ነው፣ ልጆቼ። እግረኛ ብርጌዳችን ውሃ ጨርሶ አንዲት መላጣ ጉብታ ላይ ቀረ። እናፈግፍግ ስንል አዛዣችን በሬዲዮ፣ «እዚሁ ከጀርባችሁ ነኝ፤ የውሃ ቦቴውም አብሮኝ ነው። እስክመጣ ንቅንቅ እንዳትሉ!» አለን። አመንነው። በዚያ ቃል ታምነን ስንቱን ጓድ አሸዋ አለበስን!

«ምራቅ የሚያበድረኝ አለ?» ይላል መትረየስ ተኳሹ ሽብሩ። ከንፈራችን ተሰንጥቆም ያስቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው እንደገና ተንጫረረ።

«አይዟችሁ፣ ልጆቼ! እኔንም እንደናንተ ይሄ ፀሐይ እየጠበሰኝ ነው» አለ አዛዣችን።

ከድምፁ ኋላ አንድ ነገር ይንጣጣል። ተኩስ መሰለን። ሽብሩ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ደመና የሌለበትን ሰማይ አየና፣

«ወንድሞቼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እኮ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው።»